የግራ እጅጌው ስፌት

የቀዶ ሕክምናው የስምምነት ቅጽ ሁለት ገጽ ነበር። መምህር ደምሴ መነጽራቸውን አስተካክለው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ እስክሪብቶ አውጥተው በሁለተኛው አንቀጽ ሁለት ፊደል አረሙ፤ በመጨረሻም ሳይፈርሙ ወረቀቱን ወደ ሐኪሙ መልሰው ገፉት።

«አረሙልኝ እንጂ አልፈረሙልኝም» አለ ዶክተር ኪሩቤል።

«የተሳሳተ ወረቀት ላይ አልፈርምም።»

«አሁንማ ታርሟል።»

«አሁንም አልፈርምም።»

ሐኪሙ ሣቀ። ከሃያ ዓመት በፊት በእኒሁ መምህር ክፍል ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ወደ ተወለደበት ወደ ሐረር ተመልሷል። «መምህር፥ በአማርኛ አርባ ሁለት የሰጡኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አለ።

«ሠላሳ ስምንት ነበር። አራቱን የጨመርሁት ለእናትህ አዝኜ ነው።»

በአጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ሕይወት ግን አልሣቀችም። ስድስት ሳምንት ሙሉ የአባቷን ግራ እግር ስትከታተል ቆይታለች። በመጀመሪያ ነጠላ ጫማቸው ሳይታወቃቸው እየወለቀ መንገድ ላይ ይቀር ጀመር፤ ጎረቤትም እያነሣ ያመጣላቸው ነበር። ቀጥሎ የእግራቸው ጫፍ መሬቱን መጥረግ ያዘ። አሁን ተረከዝዎን ተክለው ጣቶችዎን ወደ ላይ ያንሡ ሲባሉ ቀኙ ይነሣል፤ ግራው እንደ ተኛ ይቀራል።

ኪሩቤል የወገባቸውን የኤምአርአይ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «ይኸውልዎት፤ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። መተላለፊያውም በዕድሜ ጠቧል። የተጫነውን አነሣለሁ፤ ሌላ ምንም አልነካም።»

«ሽባ ያደርገኛል ወይስ አያደርገኝም? በአንድ ቃል መልስ።»

«በአንድ ቃል የሚመልስልዎ ሐኪም ካገኙ ይሽሹት» አለ ኪሩቤል። «ኅብለ ሰረሰሩ ከዚህ ቦታ ከፍ ብሎ ያበቃል። እዚህ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረዘሩ ነርቮች ናቸው። አንዱ ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለቱ እግሮች መሞታቸው ግን እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ከቶ አይደርስም ግን አልልዎትም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ደም ሊፈስ ይችላል። የነርቩ ሽፋን ሊቀደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ እሰፋዋለሁ። ማደንዘዣው ልብዎን ሊያስቸግር ይችላል። ሁሉ ተሳክቶም ሕመሙ ላይለቅዎ ይችላል። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ አለ።»

«ያልተጻፈውስ?»

«ያልተጻፈው ባይሠሩ የሚመጣው ነው። ለእርሱ ቅጽ የለንም።»

መምህር ደምሴ በመልሱ በልባቸው ደስ አላቸው፤ ነገር ግን አልገለጡትም። ኪሩቤል ቀጠለ፦ «የታፈነ ነርቭ ይታገሣል፥ ይታገሣል፥ ከዚያ ይሞታል። ነገ ሐሙስ ቦታ አለኝ። ከነገ ካለፈ አንድ ወር ይጠብቃሉ። በመካከሉ ሽንት ቢያስቸግርዎ ወይም መቀመጫዎ አካባቢ ቢደነዝዝ ተራ አይጠብቁ፤ ያን ሰዓት ይምጡ።»

«ልጄ፥ ቡሽራ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር።»

«ዐውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ነግረውናል። ሊቀደድ በሁለት እግሩ ሄዶ በሰው ጀርባ ተመለሰ።»

«እንግዲያው ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«የእርሳቸውን ካርድ ስላላየሁ ነው። ከመቀደዳቸው በፊት ይራመዱ ነበር?»

«በሁለት እግሩ ነው የሄደው አልሁህ!»

«ሲሄዱ አይተዋቸዋል?»

መምህር ደምሴ ከዘራቸውን ጨብጠው ተነሡ። አላዩም ነበር። ያን ጊዜ ሐረር አልነበሩም፤ ጎጃም ነበሩ። ይህን ግን ከአንድ ተማሪያቸው ፊት ማመን ከብዷቸው፥ «ነገ የምመጣ አይመስለኝም» ብለው ወጡ።

ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ሕይወት ባጃጅ ጠራች። «ወደ ቤት ነው?» አለቻቸው።

«ወደ ኤረር በር። ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ረቡዕ የቡሽራ ቀን ነው። ቡሽራ ካረፈ ስድስት ዓመት ቢሆነውም መምህሩ በየረቡዑ ባለቤቱን ሩቂያን መጠየቅ አላቋረጡም። ሕይወት ልትከተላቸው ስትነሣ «አንቺ ሂጂ፤ የማውቀው መንገድ ነው» አሏት። እርሷም ክርክሩ የማያዋጣ መሆኑን ዐውቃ ለባጃጁ ነጂ «በሩ ድረስ አድርሳቸው፥ ቀስ በል» ብላ ቀረች።

ከበሩ ወርደው በጠባቡ መንገድ ውስጥ፥ በድንጋዩ ግንብ ላይ እጃቸውን እያሳረፉ ይሄዱ ጀመር። አዲስ የተቀባው ኖራ መዳፋቸውን አነጣው። በዚህ መንገድ ስንት ምሽት ተመላልሰውበታል! ቡሽራ በቀኝ፥ እርሳቸው በግራ፤ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ በሆነበት ቦታ ሁሉ ቡሽራ ወደ ኋላ ቀርቶ «ቅደም፥ መንግሥት ቀድሞ ይለፍ» እያለ ይሣለቅባቸው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ናቸውና።

ቡሽራን ያገኙት ለማስተማር ተመድበው ከጎጃም በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ሀብታቸው አንድ ሣጥን መጽሐፍና ጉልበቱ የሳሳ አንድ ሱሪ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን በየደጃፉ ደርድረው በሚሰፉበት፥ ከዚያው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ሲያልፉ አንድ ቀጭን ሰው ከመኪናው ቀና ብሎ ጠራቸው።

«ዋሪያ! አስተማሪ ነህ አይደል? በዚህ ሱሪ ልታስተምር? ልጆቹ ጉልበትህን እንጂ ሰሌዳውን አያዩም፥ ወላሂ!»

ሱሪያቸውን ተቀብሎ እስኪጥፈው ድረስ ከመጋረጃው በስተኋላ በጋቢ ተጠቅልለው ቆሙ። ቡሽራ በእግሩ መኪናውን እየነዳ፥ በአፉ ደግሞ ስለ ከተማው እየነገራቸው፥ በመጋረጃው ሥር የቡና ቅጠል በወተት የተፈላበትን ቁጢ አቀበላቸው። ሐረርን የወደዱት ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው ነው። የመኪናው ፔዳል ሲወርድና ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሯቸው አለ፤ አሁን ግን በዚያ መንገድ አብዛኛው መኪና በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ድምፁም ሌላ ነው።

ከዚያ የቡሽራ ወገብ ታመመ። በከተማው ያን ጊዜ የነበረ አንድ ጎንደሬ ዶክተር «አዲስ አበባ ሄደህ ቶሎ ታይ» አለው። መምህር ደምሴ ግን በአገራቸው በወገሻ የዳነ ሰው ብዙ አይተው ነበርና፥ «ቢላ ሳይነካህ የሚያድንህ እያለ» ብለው በድሬ ጠያራ ወዳለ አንድ ወገሻ ራሳቸው በጋሪ ወሰዱት። ወገሻውም ቡሽራን በደረቱ አስተኝቶ በተረከዙ ወገቡ ላይ ቆመበት። ቡሽራ ጮኸ፤ ቀጥሎም ተነሥቶ እየሣቀ በእግሩ ወደ ጋሪው ሄደ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የእናታቸው መርዶ በቴሌግራም ደረሳቸውና መምህር ደምሴ ሳይሰናበቱ በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ሁለት ወር ቆይተው ሲመለሱ ቡሽራ አዲስ አበባ ተቀዶ መጥቶ፥ እግሮቹ ሞተው፥ በቤቱ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሐኪሞቹ ናቸው» ተባሉ። አመኑ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ለሰሚ ሁሉ መሰከሩ።

ሩቂያ በሩን ከፍታ ስታያቸው በመጀመሪያ ያየችው እግራቸውን ነው። «ውይ መምህር! ጫማዎ የት አለ?»

ዝቅ ብለው አዩ። የግራው ነጠላ ጫማ አልነበረም። ሩቂያ ወደ መንገዱ ወጥታ፥ ከሁለተኛው ማጠፊያ ላይ አንሥታ፥ አራግፋ አመጣችው፤ ስለ እርሱም አንድ ቃል አልተናገረችም።

ቤቱ እንደ ቀድሞው ነው። ቀይ አፈር የተቀባው የጭቃ መደብ፥ የአገሩ ሰው ነደባ የሚለው፥ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ ሦስቱን ግድግዳ ይዟል። ከፍ ያለው የባለቤቱ ነበር፤ እግሩ ከሞተ በኋላ ግን ቡሽራ በዝቅተኛው፥ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። መምህር ደምሴም ዛሬ ከፍ ወዳለው መውጣት ስላልቻሉ በዚሁ በዝቅተኛው፥ በወዳጃቸው ቦታ ተቀመጡ። የቡሽራ የስፌት መኪና በማእዘኑ ጨርቅ ተከናንቦ ቆሟል።

«ነገ ሊሠሩኝ ነበር፥ ሩቂያ። እንቢ ብዬ መጣሁ።»

«ለምን?»

«ደግሞ አንቺ ትጠይቂኛለሽ? የቡሽራን ነገር ያየሁ ሰው ነኝ እኮ። በሁለት እግሩ ሄዶ በሰው—»

«ዛሬስ አይበሉት።»

ድምፅዋ እንዲህ ሲጠና ሰምተው አያውቁም። ሩቂያ ወደ እርሳቸው ቀርባ እጇን ዘረጋች።

«ኮትዎን ያውልቁ።»

«ምን አልሽ?»

«ኮቱን፥ መምህር። ብርድ የለም፤ ያውልቁት።»

ይህን ኮት ቡሽራ የሰፋላቸው ነው። ከጎጃም በተመለሱ ቀን ሩቂያ አጥፋ ሰጥታቸዋለች፤ እርሳቸውም «እግሩ በሕይወት ሳለ የሰፋው የመጨረሻው ልብስ» እያሉ በክብር ይዘው፥ ክርኑን ሁለት ጊዜ አስጥፈው፥ እስከ ዛሬ ለብሰውታል። አወለቁ። ሩቂያ ኮቱን ገልብጣ የቀኙን እጅጌ ገበር ወደ ብርሃኑ ዘረጋችላቸው።

«ይህን ይዩ። የመኪና ስፌት ነው፤ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይሄዳል። አሁን የግራውን ይዩ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተጠጉ። የግራ እጅጌው ክር ወፍራም ነው፤ አንዱ ስፌት ረዘም፥ አንዱ አጠር ይላል፤ በየመካከሉ እየተመለሰ ራሱን ቋጥሯል።

«በእጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«በእጅ ነው። ይህ መኪና በእግር ነው የሚነዳ» አለች ወደ ማእዘኑ እየጠቆመች። «እርስዎ በተሳፈሩበት ጠዋት ከነደባው ሲወርድ እግሩ ከድቶት ወደቀ። የደነዘዘው ይለቀኛል ብሎ ‹መኪናው ላይ አስቀምጡኝ፥ የመምህር ኮት ግራ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው› አለ። አስቀመጥነው። እግሩን ፔዳሉ ላይ ያኖርሁለት እኔ ነኝ። አልታዘዘውም። ሲያቅተው መርፌ አምጪ አለኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን ተኝቶ ነው የሰፋው፥ ወላሂ። ከዚያ በኋላ ነው በቃሬዛ አዲስ አበባ የወሰድነው።»

«ከዚያ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ። ሐኪሙ አልደበቀንም። ‹ዘግይታችኋል፤ ሕመሙን ላነሣለት እችላለሁ፥ እግሩን ግን ተስፋ አታድርጉ› አለን። ሕመሙንም አነሣለት። እግሩን የወሰደበት ቢላ አልነበረም፥ መምህር።»

መምህር ደምሴ ኮቱን ከእጇ ወስደው በጭናቸው ላይ አደረጉት። «ያ ሰውዬ በተረከዙ ሲቆምበት ነው» አሉ። «ያደረስሁትም እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙ ‹ሕመሙ ራሱ የሚብስ ነበር፤ መጫኑ አፋጥኖት ይሆናል› ነው ያለ። በእርግጥ አላለም።»

«አፋጥኖት ይሆናል ካለ ይበቃል። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ቡሽራ ነዋ! ‹እናቱን ቀብሮ የሚመጣ ሰው ላይ ይህን አልጭንም› አለ። አማና አለኝ፤ እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። አፎቻውንም አማና አስያዘ።»

አፎቻ የጎረቤቱ የሠርግና የኀዘን ማኅበር ነው፤ በአፎቻው ያለ ሰው ሁሉ መምህሩን ያውቃል። «ሁሉም ያውቁ ነበር?» አሉ።

«ከእርስዎ በቀር።»

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት፥ በየሠርጉና በየቀብሩ፥ «በሁለት እግሩ ሄዶ» ባሉ ቁጥር ሰዎቹ ሁሉ ዐይናቸውን ወደ ምንጣፉ ይጥሉ የነበረው በኀዘን ሳይሆን በርኅራኄ ኖሯል። ኖሯል እንጂ! ከጓደኛው አንዲት መስመር የገለበጠን ተማሪ ዜሮ የሚሰጡ ሰው፥ ያላዩትን አየሁ እያሉ ሲመሰክሩ ኖረዋል፤ የሚወዷቸውም ሰዎች በፍቅር ዝም ብለዋቸዋል። ይህ ፍቅር ለእርሳቸው ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን ውሸቱ ከዚህ ቤት ወጥቶ በከተማው ሲዞር ማን ማንን እንዳስፈራ የቈጠረው ሰው አልነበረም። በአቦከር ሰፈር የሚኖረው፥ ወገቡን የሚታመመው ሰለሞን ትዝ አላቸው።

«ታዲያ ዛሬ ለምን አማናውን አፈረስሽው?» አሉ።

ሩቂያ ዕንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። «አማናው የተሰጠው ልብዎ እንዳይጎዳ ነው። ዛሬ እግርዎን ሊወስድ መጣ። ቡሽራ ያን እጅጌ የሰፋው ለዚህ አይደለም። አላህ ይርሐመው፥ ቢኖር እርሱ ራሱ ያፈርሰው ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት መምህር ደምሴ ከሕይወት ጋር ሐኪም ቤት ደረሱ። ኪሩቤል የትናንቱን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣ። መምህሩ እንደ ገና ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ በእያንዳንዱ አደጋ ላይ እየቆሙ «ይህ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» እያሉ ጠየቁ፤ እርሱም መለሰ። ከዚያ ፈረሙ።

«ምን አስለወጠዎት?» አላቸው።

«ያላየሁትን አይቻለሁ ስል ነበር። የትናንቱ ጥያቄህ ትክክል ነው። አራቱ ማርክ ይገባሃል።»

ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ሲነቁ በመጀመሪያ የሰሙት «መምህር፥ ቀኙን ያንቀሳቅሱ፤ አሁን ግራውን» የሚል ድምፅ ነው። ሁለቱም ተንቀሳቀሱ፤ ከዳሌ እስከ ባት ይወርድ የነበረው የሕመም እሳትም አልነበረም። በሰባተኛው ቀን ግን ቁስሉ ቀልቶ ፈሳሽ አወጣ። ሕይወት ደነገጠች። ኪሩቤል አይቶ፥ «ከነገርኋችሁ መካከል አንዱ ይኸው መጣ» አለና ጠርጎ፥ መድኃኒት አዝዞ፥ ሦስት ሳምንት እያመላለሰ አደረቀው። የግራ እግራቸው ጣቶች ከሁለት ወር በኋላ ከመሬት ግማሽ ስንዝር ያህል ይነሡ ጀመር። የቀረው ይመጣ እንደ ሆነ ሲጠይቁት «ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ስድስት ሳምንት ባይጠብቁ ኖሮ ተስፋው የበለጠ ነበር» አላቸው። እርሳቸውም ይህን መልስ እንደ ሰጣቸው ተቀበሉት።

ከቤት መውጣት ሲፈቀድላቸው ኮታቸውን ለበሱ፤ ከዘራቸውን ያዙ፤ አቦከር ወደ ሰለሞን ቤት ሄዱ። ሰለሞን ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ባለፈው ዓመት ወገቡን እንዲሠራ ተነግሮት፥ ቀጠሮ ይዞ ሳለ፥ መምህር ደምሴ የቡሽራን ነገር አጫወቱት። ቀጠሮውን ተወው። አሁን ከአልጋው የሚነሣው በግድ ነው። ሙሉ የምትባለው ባለቤቱ ወንበር አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች።

«ከሃዲ!» አለ ሰለሞን ከአልጋው ላይ ሲያያቸው። «ሰውን በሁለት እግሩ ሄዶ በሰው ጀርባ ተመለሰ እያሉ አስፈራርተው፥ እርስዎ ሄደው ተቀደዱ! በስንት እግር ተመለሱ?»

«በአንድ ተኩል።»

ሰለሞን ሊሥቅ ጀምሮ ወገቡ ሲወጋው አቆመ። መምህር ደምሴ ግን ኮታቸውን አውልቀው፥ ገልብጠው፥ የግራ እጅጌውን በብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉት።

«ምንድን ነው? ልብስ ሰፊ መሰልሁ እንዴ?»

«ስፌቱን እይ። ከዚያ አድምጠኝ፤ እስክጨርስ አታቋርጠኝ። ለአንተ የነገርሁህ ውሸት ነበር። አውቄ አልዋሸሁህም፤ ነገር ግን ሳላውቅ መስክሬአለሁ፤ ያም ውሸት ነው።»

ከጋሪው ጀምረው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ ነገሩት። ወገሻውን ያገኙለት እርሳቸው እንደ ሆኑም አልደበቁም። ቁስላቸው እንዳመረቀዘ፥ ጣታቸው ግማሽ ብቻ እንደሚነሣም ነገሩት። ሰለሞን አላቋረጣቸውም። አውራ ጣቱን በወፍራሙ ክር ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ቆየ።

«ያ ሐኪም ልጅ እኔንም ዘግይተሃል ይለኝ ይሆን?» አለ።

«ሊልህ ይችላል።»

«እግሬን ላያድነውም ይችላል።»

«ላያድነውም ይችላል። ሐሰት ግን አይነግርህም። እኔ አብሬህ እገባለሁ፤ የተሳሳተ ፊደል ካለም አርማለሁ።»

ሰለሞን ኮቱን በዝግታ ወደ ቀናው መልሶ ገለበጠው፤ መምህሩ እንዲለብሱትም የግራ እጅጌውን ከፍቶ ያዘላቸው። እጃቸው በገበሩ ውስጥ ሲያልፍ ያን ሸካራ ክር ከላይ እስከ አንጓቸው ድረስ ዳሰሱት።

«ሙሉ!» ሲል ሰለሞን ወደ ጓዳ ተጣራ። «ጫማዬን የት አደረግሽው?»